የጨፌው ምትክ የት ይሆናል?

(ለካህናትና ለአጥቢያ የልማት ኮሚቴዎች በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በቀዳም ሥዑር ካህናት ለምእመናን የሚያድሉት ቄጤማ ከጨፌ የሚታጨድ ነው። የጥፋት ውኃ መጉደሉን ያበሰረችውን የኖኅን ርግብ የምናስብበት ይህ ለምለም ሣር ውኃ ካልተኛበት ስፍራ አይገኝም። በጣና ዙሪያ ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም እንዲሁ ነው። ጨፌ ክረምት የወረደውን ውኃ ይዞ በበጋ ቀስ አድርጎ ይለቃል፤ ጎርፉን ያበርዳል፤ ደለሉን ያስቀራል፤ ሣር በጠፋበት ወራት ከብት ያሰማራል።

ይህን ሁሉ እያወቅን በዕቅዶቻችን ውስጥ ጨፌን በምን ስም እንደምንመዘግበው ብንመረምር ግን እናፍራለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ አጥቢያ የምንጭ ማጎልበት ሥራ ስናጠና፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለውን ረግረግ እኛው ራሳችን «ጥቅም የማይሰጥ መሬት» በሚለው ዓምድ ሞላነው። ኮሚቴው ረግረጉን አጠንፍፎ ለሕንፃ ማሠሪያ ገቢ የሚሆን ባሕር ዛፍ ሊተክልበት አስቦ ስለነበር፣ ጽሑፋችን ለዚያ ሐሳብ ድጋፍ ሆነ። በስብሰባው ጫፍ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እናት ግን «ከብቱ በበጋ የት ሊውል ነው? ከግርጌው ያለው ምንጭስ ውኃውን ከየት ሊያመጣ ነው?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። ዓምዱን አረምን፤ ተከላውም ወደ ደረቁ ተዳፋት ተዛወረ። ያች ጥያቄ ባትነሣ ኖሮ ምንጭ ለማጎልበት ሄደን የምንጩን መነሻ በገዛ እጃችን ባደረቅን ነበር።

ዛሬ የምንናገረው በአሜሪካ ስለሚሠራበት «የውኃ አዘል መሬት ማካካሻ ባንክ» ነው። ስለ ሩቅ አገር ሕግ መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም። በመጀመሪያ፣ የማካካሻ አሳብ ወደ እኛም እየደረሰ ነው፤ የዓለም ባንክ ገንዘብ በሚሰጥባቸው ፕሮጀክቶች ላይ የሚጠይቀው ስለ ብዝኃ ሕይወት የተደነገገው መመዘኛ፣ ጉዳትን ማስቀረትና መቀነስ ካልተቻለ በመጨረሻ በሌላ ስፍራ ማካካስን ይፈቅዳል። ሁለተኛ፣ በአሜሪካ ያሉ አጥቢያዎቻችን ሕንፃ ሊያንጹ በገዙት መሬት ላይ ውኃ አዘል ስፍራ ቢኖር ይኸው ሕግ ሊመለከታቸው ይችላል። ሦስተኛ፣ በዚያ አገር በብዙ ድካም የተገኘውን ትምህርት እኛ በጉዳት ሳንማረው ብንሰማው ይጠቅመናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የአሜሪካ የንጹሕ ውኃ ሕግ በአንቀጽ 404 ሥር፣ በሕጉ የተጠበቀን ውኃ አዘል መሬት በአፈር ለመሙላት የሚፈልግ ሰው ከአገሪቱ የጦር ሠራዊት የመሐንዲሶች ኮር ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። ፈቃድ ጠያቂው አስቀድሞ ጉዳቱን ማስቀረት፣ ያልቀረውን መቀነስ፣ ከዚያም በኋላ የተረፈውን ማካካስ ይጠበቅበታል። ቅደም ተከተሉ የሕጉ ልብ ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ «በጠቅላላው ሲታይ ውኃ አዘል መሬት እንዳይጎድል» የሚል አገራዊ ግብ ተቀምጧል።

ማካካሻ ባንክ የሚባለው እንግዲህ የገንዘብ ቤት አይደለም፤ መሬት ነው። አንድ ባለሀብት ወይም ድርጅት ቀድሞ የተጠነፈፈ ረግረግ ገዝቶ ቦዩን ይደፍናል፤ ውኃውን ይመልሳል፤ አገር በቀል ዕፅዋትን ያለማል፤ ስፍራው ለሌላ አገልግሎት እንዳይውል በሕግ ያስራል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መርምረው የተመለሰውን ጥቅም «ክሬዲት» በሚባል መለኪያ ይቆጥሩለታል። በሌላ ስፍራ መንገድ ወይም ሕንፃ ሲሠራ ረግረግ የሚያጠፋው ሰው ከዚህ ባንክ ክሬዲት ገዝቶ ግዴታውን ይፈጽማል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የፌዴራል ደንብ በአመዛኙ ለባንኮች ቅድሚያ ሰጥቷል፤ ክሬዲቱም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ስፍራው ማገገሙ በታየ መጠን ደረጃ በደረጃ እንዲለቀቅ፣ ለዘለቄታው መጠበቂያ የሚሆን ገንዘብም እንዲመደብ አዝዟል።

በዚህ አሠራር ውስጥ ብዙ መልካም ነገር አለ። አጥፊው ዋጋ ይከፍላል። ተበታትነው ከሚቀሩ ትንንሽ ኩሬዎች ይልቅ ሰፊና የተያያዘ ስፍራ ይለማል። ከሁሉ በላይ፣ ረግረግ ዋጋ እንዳለው በሕግ ተመስክሯል፤ እኛ «ጥቅም የማይሰጥ» ብለን ከጻፍነው ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ያለው ምትኩ የሚቀመጥበት ስፍራ ላይ ነው። ረግረግ በአብዛኛው የሚጠፋው ከተማ በሚሰፋበት፣ መሬት በተወደደበት ስፍራ ነው። ባንክ የሚቋቋመው ግን መሬት ርካሽና ሰፊ በሆነበት ገጠር ነው። ጄ. ቢ. ሩልና ጄምስ ሳልዝማን የተባሉ የሕግ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት የፍሎሪዳን ባንኮች መርምረው፣ ውኃ አዘል መሬት ሕዝብ ከበዛበት ከተማ ሕዝብ ወደሳሳበት ገጠር ሲሸጋገር አግኝተዋል። በመዝገቡ ላይ ሒሳቡ ይመጣጠናል። ይሁንና ጎርፍ ይገታላቸው የነበረውን ስፍራ ያጡት ሰዎችና አዲሱ ረግረግ የተሰጣቸው ሰዎች አንድ አይደሉም።

ሕጉ ይህን ሳያስብ አልቀረም። እያንዳንዱ ባንክ ክሬዲት የሚሸጥበት የአገልግሎት ክልል አለው፤ ክልሉም ብዙውን ጊዜ በተፋሰስ ይወሰናል። በ2001 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት «እንዳይጎድል» የተባለው ግብ በአገልግሎት ረገድ እየተሳካ አለመሆኑን ገልጾ ተፋሰስን መሠረት ያደረገ አሠራር መክሮ ነበር፤ የ2008ቱ ደንብም ያንን መንገድ ተከትሏል። ተፋሰስ ግን ሰፊ ነው። በአንድ ተፋሰስ ውስጥ ሆኖም ከወንዙ ታች የተሠራ ረግረግ ላይኛውን መንደር ከጎርፍ አያድንም፤ ውኃ ሽቅብ አይፈስምና። በተጨማሪም ባንኩ የሚቆመው በሕጉ ላይ ነው። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2023 ሕጉ የሚጠብቃቸውን ውኃ አዘል መሬቶች ወሰን ሲያጠብ፣ ከወሰኑ ውጭ ለቀሩት በፌዴራል ሕግ ማካካሻ የመክፈል ግዴታ አብሮ ቀርቷል።

አባቶች ሆይ፣ በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን የናቡቴን ታሪክ እናስብ። ንጉሡ አክዓብ ለአትክልት ቦታ የፈለገውን የወይን እርሻ በነጻ ስጠኝ አላለም፤ ከእርሱ የሚሻል ሌላ የወይን ቦታ ወይም ዋጋውን በገንዘብ ሊሰጠው ቃል ገባ። በመዝገብ ቢሰላ ናቡቴ አይጎዳም ነበር። እርሱ ግን የአባቶቹ ርስት ስለሆነ እንቢ አለ። በአክዓብ ላይ የተፈረደው ምትክ ስላቀረበ እንዳልሆነ፣ ስለ ግድያውና ስለ ንጥቂያው እንደሆነ እናውቃለን። ስለዚህ ለሕዝብ የሚጠቅም መንገድ ወይም ሐኪም ቤት ሲመጣ ምትክን ሁሉ ማውገዝ አይገባንም። ዳሩ ግን ስፍራ ከስፍራ ሲለወጥ በሚዛን የማይገባ ነገር እንዳለ ታሪኩ ያስተምረናል፤ ያንን መናገር የሚችለውም በስፍራው የሚኖረው ሰው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚመለከቱት የአካባቢ ጉዳዮች ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ተገልጾ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። ስለዚህ በአጥቢያችሁ አቅራቢያ ጨፌን የሚነካ ሥራ ሲታቀድ ኮሚቴው አራት ጥያቄ ያቅርብ። ጉዳቱን ጨርሶ ማስቀረት ይቻል እንደሆነ በቅድሚያ ተመርምሯልን? ምትክ ይሰጣል ከተባለ የት ነው፣ በወንዙ ላይ ነው ወይስ ታች? ጥቅሙን ያጡት ሰዎች ከምትኩ ይደርሳቸዋልን? ሥራው ካለቀ በኋላስ ስፍራውን ማን፣ በምን ገንዘብ ይጠብቀዋል?

እነዚህን ለመጠየቅ ግን አስቀድሞ ያለንን ማወቅ ይገባናል። እያንዳንዱ አጥቢያ ጨፌውን፣ ምንጩንና ቄጤማ የሚያጭድበትን ስፍራ በቃለ ጉባኤ ይመዝግብ፤ በበጋ ማን እንደሚጠቀምበት፣ በክረምት ውኃው እስከ የት እንደሚደርስ ከሽማግሌዎችና ውኃ ከሚቀዱት እናቶች ጠይቆ ይጻፍ። የራሳችንን የተከላና የግንባታ ዕቅድም በእነዚሁ አራት ጥያቄዎች እንመርምር፤ ሌላውን ጠይቀን እኛ ሳንጠየቅ ብንቀር ቃላችን ክብር ያጣል።

እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነው። ማበጀቱን እንወዳለን፤ በየሪፖርታችንም እንቆጥረዋለን። መጠበቁንም እንዲሁ እንድንቆጥረው አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።