እስከ መቼ ይችላል?

ውድ የሜካኒካል ምህንድስና ተመራቂዎች፤

ከተማራችሁት ሁሉ መርጬ ስለ አንድ ነገር ብቻ ላነሣ እወዳለሁ፤ ስለ ማሽን ዕድሜ። ማሽን ዲዛይን ስንማር መጀመሪያ የምንጠይቀው «ይህ ዘንግ ጭነቱን ይችላል ወይ?» ብለን ነው። ከባዱ ጥያቄ ግን «እስከ መቼ ይችላል?» የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ ባቡር የሎኮሞቲቩ አክስል ተሰብሮ ከሐዲድ ወጣ፤ ከ50 የማያንሱ ሰዎች አለቁ። በዘመኑ የነበሩ ባለሙያዎች በየቀኑ የለመደውን ጭነት የተሸከመ ብረት አንድ ቀን ድንገት ለምን እንደሚሰበር ማስረዳት ተቸገሩ። መልሱን በሙከራ ያስጨበጠው የፕሩሲያው የባቡር መሐንዲስ አውጉስት ቮለር ነበር። ለዓመታት አክስሎችን ደጋግሞ እያጎበጠ ፈትኖ፣ ብረት ከአቅሙ እጅግ ባነሰ ጭነትም ቢሆን ጭነቱ ከተመላለሰበት እንደሚሰበር አሳየ። የብረት ድካም የምንለው ይኸው ነው።

ምልልሱ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚጠራቀም አስሉት። ጭነት እያጎበጠው በደቂቃ 1,500 ጊዜ የሚዞር ዘንግ ገጹ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ ይሳባል፣ አንድ ጊዜ ይጨመቃል። ጠዋት በ1 ሰዓት ቢነሣ ማታ 12 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ አንድ ሚሊዮን ምልልስ ይሞላል።

ድካሙ ብረቱ ላይ የሚያመጣው ስንጥቅ የሚጀምረው ደግሞ ከጥቃቅን ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ኮሜት የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ጄት አውሮፕላኖች በወራት ልዩነት አየር ላይ ተበታተኑ። መርማሪዎች የሌላ ኮሜት አካል ፋርንቦሮ ላይ በውኃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው ግፊቱን እየሞሉና እየለቀቁ ፈተኑት። ቀድሞ ያደረጋቸው በረራዎች ከሙከራው የግፊት ምልልሶች ጋር ተደምረው 3,057 ሲሞሉ አካሉ ተቀደደ፤ መነሻው የአንድ መስኮት ጥግ ነበር።

ይህ ታሪክ ከእኛ ሩቅ አይደለም። የወፍጮ ዘንግ ይሰበራል፤ መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ስለማይጠበቅ ቶርኖ ቤት ሌላ ይወጣል። ንድፉ ላይ የትከሻው፣ ማለትም ዘንጉ ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚሸጋገርበት ጥግ፣ ክብነት ካልተጻፈ የሚወስነው የመቁረጫው ጫፍ ይሆናል፤ ትከሻው ስል ሆኖ ይወጣል፣ አዲሱም ዘንግ እዚያው ላይ ይሰበራል። ይበየዳል፤ ከብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰበራል። ወፍጮው በቆመ ቁጥር አንዲት እናት እህሏን ተሸክማ ወደ ሌላ ቀበሌ ትጓዛለች። ያቺ አንዲት የክብነት ቁጥር ንድፉ ላይ ብትጻፍ ኖሮ ይህ ሁሉ እንግልት በቀረ ነበር።

ዘንግ ሲሰበር ብዙ ጊዜ የምንሰማው «ኦፕሬተሩ ከመጠን በላይ ጭኖበት ነው» የሚል ነው። ልጆቼ፣ ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት የስብራቱን ፊት አንብቡ። ውኃ እየሸሸ ሲሄድ ሐይቅ ዳር የሚተዋቸውን የመሰሉ መስመሮች ያሉበት ለስላሳ ገጽ ካያችሁ፣ ስንጥቁ ቀስ እያለ ሲያድግ ቆይቷል ማለት ነው። በመጨረሻ በአንዴ የተሰበረው ሻካራ ክፍል ትንሽ ከሆነ ደግሞ ጭነቱ ከባድ አልነበረም። ያን ጊዜ ያ ብረት ለኦፕሬተሩ ይመሰክርለታል፤ ጥያቄውም ወደ ነዳፊው፣ ወደ አምራቹና ወደ ጠጋኙ ይዞራል። የተማራችሁት ትምህርት ደመወዙ ሊቆረጥ የነበረን ሠራተኛ ከሐሰት ክስ ሊያድን ይችላል።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ሦስት ነገር ነው። የትከሻውን ክብነትና የገጹን ልስላሴ ንድፋችሁ ላይ ሳትጽፉ አትፈርሙ። የተሰበረ ዕቃ መንስኤው ሳይታወቅ ወደ ብየዳ እንዲሄድ አትፍቀዱ። ያወቃችሁትን መንስኤ በጥገና መዝገብ ላይ አስፍሩ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው መሐንዲስ ከዚያው እንዲጀምር።

በእናንተ ፊርማ የሚዞር ማሽን አጠገብ የሚቆመው ሰው ስማችሁን አያውቅም፤ ማታ በሰላም ወደ ቤቱ የሚገባው ግን እናንተ በጥንቃቄ ስለ ሠራችሁ ነው። በዚህ አደራ የምትታመኑ ያድርጋችሁ። እንኳን ደስ አላችሁ!