ስለ መኪና ማሳ ሽቦ፤ ከመግዛት በፊት መለካት



ለዚህ ጉባኤ ለንግግር የቀረበው ርእስ ከትምህርት ቤት ይልቅ ለጋራዥ የሚስማማ ይመስላል። ይሁን እንጂ በጋራዥ ውስጥ የሚነሣው ክርክር ብዙ ጊዜ በክፍል ውስጥ በሚገባ ሳይጨበጥ ከቀረ ትምህርት የሚመጣ ስለ ሆነ፤ ጕዳዩ የመምህራንም ጕዳይ ነው። ጥያቄው ይህ ነው፤ በመለዋወጫ ሱቅ አምስትና ስድስት ሆኖ ታስሮ የሚሸጠውን ወፍራም የማሳ ሽቦ ገዝቶ በመኪና ላይ መጨመር ይጠቅማልን ወይስ አይጠቅምም?

ማሳ የሚለው ቃል ለገበሬ የእርሻው መሬት ነው። ለመካኒክ ግን ከኢጣልያንኛ የተወረሰ ሌላ ቃል ነው፤ ይኸውም የኤሌክትሪክ መመለሻ ሆኖ የሚያገለግለው የመኪናው ብረት ማለት ነው። ማንኛውም ተማሪ እንደሚማረው፤ የኤሌክትሪክ ጅረት ወጥቶ የሚመለስበት ሙሉ ዙር ካላገኘ አይሄድም። አንድ አምፖል እንዲበራ አንድ ሽቦ መሄጃ፤ አንድ ሽቦ መመለሻ ያስፈልገዋል። መኪና ሠሪዎች ግን ሽቦ ለመቆጠብ ሲሉ ሁለተኛውን ሽቦ ትተው የመኪናውን የብረት አካል መመለሻ አደረጉት። ስለዚህ የባትሪው ኔጋቲቭ በወፍራም ገመድ ከብረቱ ጋር ይታሰራል። ሞተሩ ደግሞ በላስቲክ ትራስ ላይ ስለሚቀመጥ፤ ላስቲክም ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ፤ ሞተሩን ከመኪናው አካል ወይም በቀጥታ ከባትሪው ጋር የሚያገናኝ ሌላ የመዳብ ገመድ ይደረግለታል። መኪናው የሚነሣበት ሞተሪኖም፤ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞም በሞተሩ ላይ የታሰሩ ስለ ሆኑ፤ የሁለቱም ጅረት ዙሩን የሚጨርሰው በዚህ ገመድ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት ብዙዎቹ የእንግሊዝ መኪናዎች ከማሳ ጋር ያስሩ የነበረው ፖዘቲቩን ነበር። ኤም ጂ ቢ የተባለችው መኪና ወደ ኔጋቲቭ የተዛወረችው በ1967 ነው። ይሁን እንጂ የሚታሰረው ጫፍ ቢለዋወጥም ጅረቱ የሚገዛበት ሕግ አልተለወጠም።

ይህን ሕግ ያገኘው ሰው መምህር ነበር። ጌኦርግ ሲሞን ኦም በ1789 በጀርመን አገር በኤርላንገን ከተማ ከአንድ ቁልፍ ሠሪ ቤት ተወለደ። ከ1817 ጀምሮ በኮሎኝ ከተማ ትምህርት ቤት ሒሳብና ፊዚክስ ሲያስተምር በትምህርት ቤቱ መሣሪያዎችና ራሱ በሠራቸው እየታገዘ፤ ርዝመታቸው የተለያየ ሽቦዎችን አንድ በአንድ እየፈተነ ለካ። በ1827 ውጤቱን በመጽሐፍ ባወጣ ጊዜ በአገሩ የጠበቀውን አቀባበል አላገኘም። ከ14 ዓመት በኋላ ግን በ1841 የለንደን ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳልያ ሸለመው። የሕጉ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ በአንድ መንገድ ላይ የሚጠፋው የኤሌክትሪክ ግፊት በቮልት ሲቈጠር፤ በዚያ መንገድ የሚሄደው ጅረት በአምፔር፤ በመንገዱ እንቅፋት ማለት በኦም ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። የማሳው ሽቦ ክርክር ሁሉ በዚህች ማባዛት ይፈታል።

ለምሳሌ ያህል የአንድ ጤነኛ መኪና የማሳ ገመድ እንቅፋቱ ከ1 ኦም አንድ ሺሕኛ ነው ቢባል፤ ሁለቱ የፊት መብራቶች 9 አምፔር ያህል ሲስቡ በገመዱ ላይ የሚጠፋው ግፊት 0.009 ቮልት ብቻ ነው። ሌላ እኩያ ሽቦ ቢጨመርለት ጥፋቱ በግማሽ ይቀንስና 0.0045 ቮልት ይሆናል። ከ13 ቮልት በላይ ለሚያገኝ መብራት ይህን ያህል ጭማሪ በዐይን ሊታይ አይችልም። ሞተሪኖው 150 አምፔር ሲስብ እንኳ የሚጠፋው 0.15 ቮልት ነው፤ ይህም መካኒኮች ከሚፈቅዱት ከ0.2 ቮልት በታች ነው።

አሁን ደግሞ ገመዱ የታሰረበት ቡሎን ዝጎ የመብራቱ መመለሻ እንቅፋት 0.15 ኦም ደረሰ ይባል። በ9 አምፔር የሚጠፋው 1.35 ቮልት ይሆናል፤ ይህም ከ13.5 ቮልት ከመቶ 10 እጅ ነው። የአምፖል ብርሃን ከግፊቱ ይልቅ ፈጥኖ የሚወድቅ ስለ ሆነ፤ ግፊቱ ከመቶ 10 ሲቀንስ ብርሃኑ ከመቶ 30 ያህል ይቀንሳል። በሌሊት መንገድ ላይ ይህ ልዩነት የሰው ሕይወት ልዩነት ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የታመመ ማሳ ትልቅ ጕዳት አለው፤ ጤነኛውን ማሳ ማወፈር ግን የሚሰጠው ጥቅም የለም። ሻጩም ገዢውም የሚሳሳቱት ሁለቱን ነገር አንድ አድርገው ስለሚያዩ ነው።

ይህ ስሕተት ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የደረሰው ነገር ያስረዳል። ትምህርት ቤቱ ለማስተማር ልምምድ ወደ ገጠር የተላኩትን ተማሪዎች መጐብኛ አንድ ያረጀ መኪና ነበረው። መኪናው በማለዳ አልነሣ እያለ ያስቸግር ጀመር፤ ማታ ሲመለስም መብራቱ ይፈዛል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ባትሪ ሞተ። የንብረት ክፍሉ ሾፌሩ መብራት ሳያጠፉ እያደሩ ባትሪውን ጨረሱት ብሎ አመነ፤ የሁለተኛው ባትሪ ዋጋም ከደመወዛቸው እንዲቆረጥ ደብዳቤ ተዘጋጀ። ሾፌሩ ሃያ ዓመት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። በዚያው ሰሞን አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ አምስት ቀያይ የማሳ ሽቦዎች አቅርቦ፤ መኪናው ፈጥኖ እንዲነሣ፤ መብራቱ እንዲደምቅ፤ ነዳጅም እንዲቆጥብ ያደርጋል ሲል ተናገረ።

የፊዚክስ መምህሩ ይህን በሰማ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ የቮልት መለኪያ ይዞ ወደ መኪናው ሄደ። «ጋሼ፤ ሽቦው ከመገዛቱ በፊት አንድ ጊዜ ይለካ፤ እርስዎ ቍልፉን ያዙልኝ» አላቸው። ሾፌሩም «መምህር፤ ካገኘህልኝ እግዜር ይስጥህ፤ እኔ መብራት ሳላጠፋ አድሬ አላውቅም» ሲሉ መለሱለት።

መኪናው በእጅ ፍሬን ተይዞ፤ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፤ የመለኪያው አንዱ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፤ ሌላው በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ ተደረገ። ሾፌሩ ሲያስነሡ መለኪያው 3 ቮልት አሳየ። ከ0.2 ቮልት ማለፍ በማይገባው ስፍራ 3 ቮልት ማየት መንገዱ ተቆርጧል ማለት ነው። መኪናው ከተነሣ በኋላም ዲናሞው በራሱ ላይ ሲለካ ከ14 ቮልት በላይ ይሰጥ ነበር፤ ወደ ባትሪው የሚደርሰው ግን 12.6 ቮልት ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ከመኪናው ሥር ሲታይ ምክንያቱ ተገለጠ። ካምቢዮው ሲጠገን ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው የማሳ ገመድ ተፈትቶ ኖሮ ወደ ቦታው ሳይመለስ ቀርቷል። ጅረቱ ሌላ መመለሻ በማጣቱ በነዳጅ መርገጫው ቀጭን የብረት ገመድ በኩል ይመለስ ነበር፤ የዚያም ገመድ የላስቲክ ልባስ በሙቀት ቀልጧል። ባትሪዎቹም የሞቱት መብራት አድሮባቸው ሳይሆን፤ ዲናሞው እየሠራ እነርሱ ሳይሞሉ ስለ ኖሩ ነበር።

ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ጸዳ፤ አንድ ተራ የተጐነጐነ የመዳብ ገመድ በቡሎን ጠብቆ ታሰረ፤ ዝገት እንዳይመለስም ከላይ ግራሶ ተቀባ። መኪናው ሲነሣ በባትሪውና በሞተሩ መካከል የታየው 0.1 ቮልት ሆነ፤ ወደ ባትሪው የሚደርሰውም 14.1 ቮልት ደረሰ። መምህሩ በዚህ ሳያበቃ ከነጋዴው አምስቱን ሽቦ በውሰት አስመጥቶ ጨመረበት። መለኪያው ያሳየው ለውጥ ከ0.1 ወደ 0.09 ቮልት ነበር። ሽቦዎቹ ለባለቤታቸው ተመለሱ፤ ደብዳቤውም ተሻረ። ሾፌሩ ግን ለሁለት ወር በባልደረቦቻቸው ፊት የተሸከሙትን ስም የሚሽር ደብዳቤ አልተጻፈላቸውም።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሳይታለፍ ሊመረመር የሚገባው አንድ ነገር አለ። አምስቱ ሽቦዎች ሳይለካ በመጀመሪያው ቀን ቢታሰሩ ኖሮ መኪናው ይድን ነበር፤ ከአምስቱ አንዱ የጎደለውን ገመድ ይተካ ነበርና። ያን ጊዜ ነጋዴው ይመሰገናል፤ ወሬው ከሰው ወደ ሰው ይዛመታል፤ ምንም ሕመም የሌለበት መኪና ያለው ሁሉ ሽቦውን ለመግዛት ይሮጣል። የሾፌሩ ንጽሕና ግን ተሰውሮ ይቀር ነበር። ሽቦው ዝና የሚያተርፈው ከታመመ መኪና፤ የሚሸጠው ግን ለጤነኛው ነው። ጤነኛ መኪና ይዞ ሽቦ መጨመር አበው እንዳሉት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ሽቦው ነዳጅ ይቆጥባል፤ የሞተርንም ጕልበት ይጨምራል ስለሚባለውም ማስረጃው ደካማ ነው። በዘመናችን መኪናዎች ነዳጁን የሚመጥነው ኮምፒዩተር ነው፤ እርሱም የባትሪው ግፊት ከፍና ዝቅ ሲል መጠኑን እያስተካከለ ይሠራል። ታዲያ ብዙ ሰዎች ለውጥ አየን የሚሉት ስለ ምንድን ነው ቢባል፤ ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፤ ሽቦው ሲታሰር አሮጌዎቹ ቡሎኖች ተፈትተው ይጸዳሉ፤ የሚጠቅመውም ማጽዳቱ ነው። ሁለተኛ፤ ለሥራው ባትሪው ሲፈታ በብዙ መኪናዎች ኮምፒዩተሩ ቀድሞ ያከማቸውን ልማድ ረስቶ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ የሞተሩም ጠባይ ለጥቂት ቀን ይለወጣል። ሦስተኛ፤ ገንዘቡን የከፈለ ሰው ገንዘቡ በከንቱ እንዳልጠፋ ማመን ይወዳል።

ይሁን እንጂ ሽቦ መጨመር የሚገባበት ጊዜ የለም ማለት አይደለም። በመኪናው ላይ ፋብሪካው ያላሰበው ትልቅ ጭነት ሲጨመር፤ ለምሳሌ መጎተቻ ዊንች፤ ከፍተኛ የድምፅ ማጉያ ወይም ከቀድሞው የሚበልጥ ዲናሞ ሲገባ፤ መሄጃውም መመለሻውም አብሮ መወፈር አለበት። አካላቸው በአገር ውስጥ በተሠራላቸው የጭነት መኪናዎች ላይም የኋላ መብራቶች ማሳ በቀለም ወይም በእንጨት ላይ ታስሮ ስለሚገኝ፤ እስከ ሻንሲው የሚደርስ ሽቦ መዘርጋት ተገቢ ነው። ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው አብሮ የሚፈዝ ወይም የሚበራ ከሆነ፤ ምልክቱ የማሳ ሕመም ነው። የጨው አየር ባለባቸው በጅቡቲ፤ በምጽዋና በሞምባሳ የሚሠሩ መኪናዎች ደግሞ ዝገት ስለሚፈጥንባቸው ማሳቸው ቶሎ ቶሎ ሊፈተሽ ይገባል። በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄዱት መኪናዎች ግን ከፍተኛው ግፊታቸው ከመኪናው አካል ተለይቶ በብርቱካንማ ገመድ የሚሄድና ለሕይወት የሚያሰጋ ስለ ሆነ፤ ያልሠለጠነ እጅ አይንካቸው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ተከልክሏል። በአገር ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ የነዳጅ መኪናዎች አሮጌ ስለ ሆኑ፤ የማሳ ሕመም ለብዙ ዓመት ከባለ መኪናው ጋር የሚኖር ነው። በዕለት ገቢው ቤቱን የሚያስተዳድር የታክሲ ሾፌር ሳይለካ ሽቦ ሲገዛ የሚያወጣው ከልጆቹ ቀለብ ነው። ያ ሾፌር ደግሞ በአንድ ወቅት በአንድ መምህር ፊት የተቀመጠ ተማሪ ነበር። የኦምን ሕግ በቃሉ አጥንቶ ፈተና አልፎ ይሆናል፤ የመለኪያን ጫፍ በእጁ ይዞ ግን አያውቅ ይሆናል።

ስለዚህ ከመምህራን የሚጠበቀው ከባድ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ ያለው የቮልት መለኪያ ከሣጥን ይውጣ። ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ መኪና ላይ፤ መምህሩ አጠገባቸው ቆሞ፤ ማሳውን ለክተው ቍጥሩን ይጻፉ፤ ቡሎኑን አጽድተው እንደ ገና ይለኩ። ሽቦ ጨምረው ሦስተኛ ጊዜ ይለኩ፤ ሽቦውን አንሥተው አራተኛ ጊዜ ይለኩ። የመኪናውን አነሣሥ የሚመሰክረው ሾፌርም ሽቦው መኖሩና አለመኖሩ ሳይነገረው ይመስክር። ይህን አንድ ጊዜ በእጁ የሠራ ተማሪ ስለ ማሳ ሽቦ ብቻ ሳይሆን ስለ ሌላውም የገበያ ወሬ «ተለክቷልን?» ብሎ መጠየቅን ይማራል። ሰውንም ከመክሰሱ በፊት እንዲሁ ይጠይቃል።