ደመወዝ በወጣ ማግስት

አቅራቢ፦ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከየገጠሩ የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች ተቀጠሩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ወለልን የሚያጠና ቦርድ ይቋቋማል ይላል፤ የቤት ኪራይ ግን ቦርድ አይጠብቅም።

ስለዚህ ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ከፈረቃ የተመለሰችው ሽንኩርት ታቁላላለች፤ ለማታው ፈረቃ የምትወጣው ጀሪካኑን ሞልታ ትሄዳለች። ሽሮና በርበሬው ከእናት ቤት ከመጣማ ወሩ ቀለለ።

ከደመወዙ ቀሪው የእቁብ ነው። አሠራሩን እንየው፦ አምስት ሰዎች በየወሩ 500 ብር ቢጥሉ ባለ ዕጣዋ 2,500 ብር ታነሣለች። መጀመሪያ የወጣላት ያለ ወለድ ተበደረች ማለት ነው፤ መጨረሻ የደረሳት ደግሞ ያለ ወለድ ቆጠበች። ኑሮ ሲወደድ የምትጎዳው ይቺኛዋ ናት፤ በአምስተኛው ወር ያው ብር ያንኑ ጤፍ አይገዛም። በእኔ አስተያየት እቁቡ ባጠረ ቁጥር ጉዳቱ ይቀንሳል።

ለታናሽ ወንድም ደብተር መግዣ ወይም ለቤተሰብ ማዳበሪያ የምትልክ ካለች፣ የእቁቡን ዳኛ አስቀድማ ታናግር። ዕጣ መለዋወጥ የተለመደ ነው።