ቤት ስንገዛ ምን እንገዛለን?

  

 ባለፉት ዝግጅቶቻችን ስለ ሐላል ገቢ ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ያ በላብ የተገኘ ሐላል ገንዘብ ብዙ ጊዜ ስለሚያርፍበት ነገር፣ ስለ ቤት እንነጋገራለን። «ይህ የደላላና የጠበቃ ጉዳይ ነው፤ ኢማም ምን አገባው?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝን ነገር ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ሁለት ቤተሰቦች በመስጂዳችን ግቢ ተሰበሰቡ። ገዢዋ በዐረብ ሀገር በሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ የቆየች እህታችን ነች። ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀመችውን ገንዘብ ለወንድሟ ልካ ለእናቷ ማረፊያ ቤት እንዲገዛላት አደራ ብላዋለች። ሻጩ ሁላችንም የምናከብራቸው ሽማግሌ ነበሩ። በአንድ ሉክ ወረቀት ላይ ውሉ ተጻፈ፣ ገንዘቡ ተቆጠረ፣ ዱዓ ተደረገ። እኔም ከምስክሮቹ አንዱ ሆኜ ፈረምኩ። «ስሙን ቀስ ብለን እናዞራለን» ተባባሉ፤ እስከዚያው ሻጩ ለወንድሟ ውክልና ሰጡት። እናትየው ቤቱ ገቡ።

ስሙ ሳይዞር አምስት ዓመት አለፈ። ሽማግሌው ወደ አኺራ ሄዱ። ልጆቻቸውም «አባታችን ቤት መሸጣቸውን አናውቅም» ብለው ከሰሱ። ፍርድ ቤት ተጠርቼ ያየሁትን መሰከርኩ። ነገር ግን ውሉ ሕግ በሚያዘው አካል ፊት አልተደረገም ተብሎ ፈረሰ። ቤቱ ለወራሾች፣ የተከፈለው ገንዘብ ደግሞ ለእህታችን ይመለስ ተባለ። ያ ገንዘብ በዚያን ጊዜ ገበያ የቤቱን ግማሽ እንኳ አይገዛም ነበር። እናትየው ዕቃቸውን ሲያወጡ ቆሜ አይቻለሁ። ያን ቀን ዱዓ ለማድረግ እንጂ ወረቀቱን ለመመርመር ሳልቸኩል መቅረቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ እንግዲህ ከመጀመሪያው እንነሳ። በሀገራችን ቤት ስንገዛ ምን እንገዛለን? በ1967 ዓ.ም. በወጡት ሁለት አዋጆች የገጠሩም የከተማውም መሬት ከግለሰብ ባለቤትነት ወጥቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥም ደንግጓል። በዚያው አንቀጽ ግን ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ በሠራው ቤት ላይ ሙሉ መብት አለው፤ ይሸጠዋል፣ ያወርሰዋል። ስለዚህ ሁለት ቃላትን እንለይ፦ በቤቱ ላይ ያለን ባለቤትነት ነው፤ በመሬቱ ላይ ያለን ግን ይዞታ፣ ማለትም የመጠቀም መብት ነው። በሊዝ የተያዘ ከሆነ ደግሞ የጊዜ ገደብ አለው። ለምሳሌ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት እስከ 99 ዓመት ሰጥቷል። ይዞታው ለመኖሪያ ወይስ ለንግድ እንደተፈቀደም በሊዙ ውልና በከተማው ፕላን ይወሰናል።

ይህን የለየ ሰው ከብዙ ወጥመድ ይድናል። የቀበሌ ቤት ተከራይ በእጁ ያለው ኪራይ እንጂ ቤት አይደለም፤ «ልሽጥልህ» ቢል የሌለውን እየሸጠ ነው። አርሶ አደርም መሬቱን የመጠቀም፣ በሕግ ገደብ የማከራየትና ለቤተሰቡ የማውረስ መብት አለው፤ ቆርሶ መሸጥ ግን አይችልም። በከተማ ዳር እንዲህ ያለ መሬት ገዝቶ፣ ያለ ግንባታ ፈቃድ በሌሊት ቤት የሚያቆም ወንድማችን ነገ ቤቱ ቢፈርስበት ማንን ይከሳል? መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ቦታ ሲወስድ አስቀድሞ ካሳ እንዲከፍል ሕገ መንግሥቱ ያዛል፤ ካሳ ለመጠየቅ ግን ሕጋዊ ባለይዞታ መሆንን ማስረዳት ያስፈልጋል። በሸሪዓችንም ቢሆን ሰው የራሱ ያልሆነውን እንዳይሸጥ ረሡል (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለዋል።

ቀጥሎ ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ስለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ስለ ሰላት ወይም ስለ ጾም አይደለም። አል-በቀራ 282 ስለ ዕዳ መጻፍ ነው። ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክሮች እንዲቆጠሩ፣ ትንሽም ሆነ ትልቅ ነገር ለመጻፍ እንዳንሰለች፣ ስንሻሻጥም እንድናስመሰክር አላህ (ሱ.ወ) ያስተምረናል። ለዕዳ ይህን ያህል ከታዘዝን፣ የዕድሜ ልክ ድካም ለሚፈስበት ቤት እንዴት እንሰንፍ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ከዚህ የራቀ አይደለም። በጽሑፍ እንዲሆን ሕግ የሚያዘው ውል በተዋዋዮቹ እንዲፈረምና በሁለት ምስክሮች እንዲረጋገጥ አንቀጽ 1727 ያዛል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲሆን ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። በአንቀጽ 1723 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መመዝገብ አለበት። ይህ አካል በተለምዶ «ውልና ማስረጃ» የምንለው ነው። ከዚያም ስሙ በይዞታ መዝገብ ላይ ወደ ገዢው መዞር አለበት፤ ሽያጩ በሦስተኛ ወገን ላይ የሚጸናው ሲመዘገብ ነው። ካርታው ላይ ስሙ ያለ ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል፤ አይደለም የሚል ማስረዳቱ የእሱ ሸክም ነው። እንግዲህ የመንደር ውል ይዞ የሚቀመጥ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ነው።

ውክልናስ? ብዙ ሰው «በውክልና ገዛሁ» ይላል። ውክልና ሽያጭ አይደለም። ወኪል በሌላ ሰው ስም የሚሠራ ሰው ነው። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ሲሞት ደግሞ በመርሕ ደረጃ ውክልናው አብሮ ያበቃል። የእህታችን ወንድም በእጁ ይዞት የነበረው ወረቀት ሽማግሌው በሞቱበት ቀን ዋጋ አጥቷል፤ እኛ ግን አላወቅንም።

የባልና ሚስትንም ነገር አንርሳ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በሚሠራበት የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዳቸው ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል። የጋራ የሆነ ቤት ደግሞ ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም፣ አይያዝም። ስለዚህ ባል ብቻውን ፈርሞ የሸጠውን ቤት የገዛ ሰው ነገ ከሚስት ክስ ቢመጣበት አይደነቅ። ሚስትም «አልሰማሁም» የምትለው ብዙ ጊዜ እውነቷን ነው።

በስደት ላይ ላላችሁ እህቶችና ወንድሞች ደግሞ የተለየ መልእክት አለኝ። ገንዘባችሁን ለወንድም ወይም ለአጎት ልካችሁ ቤቱ በእሱ ስም ሲገዛ፣ በሕግ ዐይን ቤቱ የእሱ ሆኖ ይታያል። እሱ አማና ጠባቂ ሊሆን ይችላል፤ ግን ቢሞት ሚስቱና ልጆቹ የሚያዩት ካርታውን ነው። ስለዚህ ቤቱ በራሳችሁ ስም እንዲገዛ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ግልጽ ውክልና ስጡ፤ የላካችሁበትን የባንክ ደረሰኝም አትጣሉ። «ወንድሜን አላምንም ማለት ይሆንብኛል» አትበሉ። መጻፍ ወንድምን መጠርጠር ሳይሆን ልጆቹን ከሐራም መጠበቅ ነው።

አሁን በአጭሩ፣ ቤት ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ፈጽሙ። አንደኛ፣ ካርታው በማን ስም እንደሆነ ዋናውን አይታችሁ ከመሬት አስተዳደር መዝገብ ጋር አመሳክሩ። ሁለተኛ፣ ቤቱ ከዕዳና ከእግድ ነፃ መሆኑን ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ሻጩ ያገባ ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ፤ የውርስ ቤት ከሆነ ወራሾች ሁሉ፣ ሴቶቹም ጭምር፣ ይፈርሙ። አራተኛ፣ ድንበሩን ጎረቤት ባለበት በቦታው ተገኝታችሁ እዩ። አምስተኛ፣ ውሉን ውልና ማስረጃ ፊት አድርጉ፤ ስሙ ሳይዞር ጉዳዩ አልቋል አትበሉ።

ረሡል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ መስጂዳቸውን የሠሩበት ቦታ የሁለት የቲሞች፣ የሰህልና የሱሀይል ነበር። ልጆቹ በስጦታ እንስጥዎት ሲሉ አልተቀበሉም፤ በዋጋ ገዙት። ለአላህ ቤት እንኳ የየቲም መሬት በይሉኝታ አልተወሰደም። ከመሬት አንድ ስንዝር በግፍ የወሰደ ሰውም በትንሣኤ ቀን ከሰባት ምድር በአንገቱ እንደሚጠለቅለት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። በሌላ ሐዲስ ደግሞ ረሡል (ሰ.ዐ.ወ) እሳቸው ራሳቸው እንኳ በሰሙት ክርክር ላይ ተመሥርተው የአንዱን ሐቅ ለሌላው ቢፈርዱ፣ የተፈረደለት የወሰደው የእሳት ቁራጭ መሆኑን አስጠንቅቀዋል። የዳኛ ፍርድ በወረቀት ጉድለት የተገኘን የሰው ሐቅ ሐላል አያደርግም።

ይህን ሐዲስ ለሽማግሌው ልጆች ነገርኳቸው። አራት ናቸው። ታላቂቱ ልጅ ከወራት በኋላ ወደ መስጂድ መጥታ «ውሉ ሲጻፍ አባቴ ነግሮኝ ነበር፤ ፍርድ ቤት ግን ዝም አልኩ» አለችኝ። ድርሻዋንም ለእህታችን መለሰች። የቀሩት ሦስቱ እስከ ዛሬ ዝም ብለዋል። አላህ ልባቸውን ያራራልን።

ከዚያ ወዲህ በመስጂዳችን ግቢ የቤት ውል አልፈርምም። «ኢማም፣ ዱዓ አድርግልን» ብለው ሲመጡ «መጀመሪያ ውልና ማስረጃ ሂዱ፣ ከዚያ ኑ» እላለሁ። ቅር የሚላቸው አሉ። ነገር ግን የዛሬው ቅሬታ ከነገው የወንድማማቾች ክስ ይሻላል። አድማጮቼ፣ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ካርታችሁን አውጥታችሁ ስሙን አንብቡ። የሰው ስም ካለበት፣ ያ ሰው በሕይወት እያለ ነገ ጠዋት ሂዱ።

አላህ በሐላል ያገኘነውን ይባርክልን፤ የሰውን ሐቅ ከመብላትም ይጠብቀን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።