ከፍትፍቱ ፊቱ

(በልደታ፣ አዲስ አበባ፣ ፊደል ቆጥረው ማንበብ ለጀመሩ ጎልማሶች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ መብላት ነው። «መብላትን ደግሞ ማን አስተማሪ ይሻል?» ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። እኔም ፊደል እንዳስተምር የተመደብኩ የዩኒቨርስቲ ተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የማነሳው ነገር ስለ ወጥ አሠራር ሳይሆን ተሰብስበን ስንበላ አንዳችን በሌላችን ላይ ስለምናደርገው ነገር ነው።

እኛ ብቻውን የሚበላ ሰው አንወድም። ማኅበርና ሰንበቴ አለን። ሠርግ፣ ክርስትና፣ የረመዳን አፍጥር፣ የፋሲካና የዒድ ጥሪ አለን። ይህ ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። በግንቦት 1 ቀን፣ በልደታ ዕለት፣ ጎረቤት ከየቤቱ ይወጣል። ደጅ ላይ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ቡና ይፈላል፤ ሁሉም አብሮ ይቀምሳል። ይህ መልካም ልማድ ነው። ማንም ሰው እንዲተወው አልመክርም።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ ያለው በ«ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ» ላይ ነው። እንግዳው «በቃኝ» ይላል። የቤቱ እመቤት «አፈር ስሆን!» ትላለች፤ ወጡ ይጨመራል። እንግዳው «ኧረ ጠግቤአለሁ» ይላል። «በሞቴ!» ይባላል፤ ጉርሻ ይመጣል። «አንድ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል። ይህ ሁሉ የሚደረገው በፍቅር ነው። ነገር ግን ሆድ የራሱ ልክ አለው። የጥጋብ ስሜት የሚመጣው መብላት ከተጀመረ ከ20 ደቂቃ ያህል በኋላ ነው። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ የሚጎርስ ሰው ጥጋቡን የሚያውቀው ልኩን ካለፈ በኋላ ነው።

ጤነኛው ቢበዛበት ሆዱን ነፍቶት ያድራል። በሽታ ያለበት ሰውስ?

ደም ግፊት ያለባቸውን አንድ አባት እናስብ። ደም ግፊት ብዙ ጊዜ ሕመሙ ሳይሰማ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል። ጨው ደግሞ ያብሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃዋል ይላል። ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በዚያ ውስጥ የወጡም፣ የዳቦውም፣ የሚጥሚጣውም ጨው ይቆጠራል። አሁን እኚህ አባት «በቃኝ» ሲሉ እየተግደረደሩ ነው ወይስ ሕይወታቸውን እየጠበቁ?

ስኳር በሽታ ያለባቸውን አንዲት እናት ደግሞ እናስብ። ለእሳቸው አስቸጋሪው ጣፋጭ ነገር ብቻ አይደለም። እንጀራውም፣ ዳቦውም፣ ድንቹም ከተበላ በኋላ ወደ ስኳር ይለወጣል። በ300 ሚሊ ሊትር አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ። ይህ በሻይ ማንኪያ ቢሰፈር ከ6 እስከ 7 ማንኪያ ይሆናል። በሌላ በኩል ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ምግብ ከዘገየበት ስኳሩ ከመጠን በታች ይወርዳል። ያልበዋል፤ ያንቀጠቅጠዋል፤ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ እኚህ እናት «ሰው እስኪሟላ አልጠብቅም፣ ትንሽ ቅመሱ በሉኝ» ቢሉ ስስት አይደለም።

እንዲህ ያሉ ሰዎች ምን ይሆናሉ? አንዳንዶቹ ይሉኝታ ይዟቸው ይበሉና ይታመማሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ሄጄ ምን ልበል?» ብለው ከማኅበሩ ይቀራሉ። በእኔ አስተያየት ከሁለቱ የሚከፋው መቅረቱ ነው። የታመመ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ጎረቤት ነውና። ለማክበር ብለን ያቀረብነው ገበታ ሰውን ከመካከላችን ካስወጣ ክብሩ የት ላይ ነው?

ስለ ጥሬ ሥጋም እንነጋገር። ቁርጥ በተዘረጋበት ቦታ «ለእኔ በእሳት ይሁንልኝ» የሚል ሰው ይሳቅበታል። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ኮሶ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ሣር ላይ ይቀራል። ከብቱ ያንን ሣር ይግጣል። እንቁላሉ በከብቱ ሥጋ ውስጥ ዕጭ ይሆናል። ሰው ሥጋውን በጥሬው ሲበላ ዕጩ አንጀቱ ውስጥ ያድግና ብዙ ሜትር የሚረዝም ትል ይሆናል። አባቶቻችን መራራውን የኮሶ አበባ እየጠጡ ያስወጡት ነበር። ዛሬ የሚዋጥ መድኃኒት አለ። ሥጋው በደንብ ከበሰለ ግን ዕጩ ይሞታል። እንግዲህ ጥብስ የጠየቀ ሰው ፈሪ ሳይሆን አስተዋይ ነው።

በልክ መብላት ከውጭ የመጣ ነገር አይምሰላችሁ። ዶሮ በ12 ብልት ይወጣል። ለእያንዳንዱ ሰው ብልቱና እንቁላሉ ተቆጥሮ ይደርሰዋል። ይህንን ንፉግነት ነው የሚል አለ? የለም። የግንቦት ልደታ ንፍሮስ? ስንዴ፣ ሽንብራና ባቄላ ነው። ቅቤም ስኳርም የለበትም፤ ሆኖም ጨዋታው ይደምቃል።

ስለዚህ አራት ነገሮችን እንሞክር እላለሁ።

አንደኛ፣ ስናስተናግድ አንድ ጊዜ «ጨምሩ» እንበል፤ ቢበዛ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ወዲያ በ«አፈር ስሆን» ሰው አናስጨንቅ። ጨምሩ ማለት ደግ ነው፤ በሞት እያስማሉ ማስጨነቅ ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛ፣ ከቅባቱ ወጥ አጠገብ ጎመን ወይም ምስር፣ ጨውና ቅባት ሳይበዛበት ይቅረብ። ከለስላሳውና ከጠላው ጋር ውሃም ይቅረብ። ውሃ የጠየቀ ሰው «ምነው፣ ምን አስቀየምንህ?» አይባል።

ሦስተኛ፣ እንግዳ ሆነን ስንሄድ አስቀድመን የምንወደውን እንምረጥ። ዶሮ ወጥ የሚወድ ሰው ዶሮ ወጡን ቀስ ብሎ፣ እያጣጣመ ይብላ። ከገበታው ላይ ያለውን ሁሉ የሚከምር ሰው የአንዱንም ጣዕም በቅጡ አያገኘውም። ምግብ የሚወድ ሰው አይቸኩልም።

አራተኛ፣ ሐኪም የከለከለው ነገር ያለበት ሰው ለጋባዡ ቀደም ብሎ ይንገር። ደም ግፊትና ስኳር የሚያሳፍሩ በሽታዎች አይደሉም። ጋባዡም ከሰማ በኋላ በሰው ፊት አያንሳው። ዝም ብሎ የሚስማማውን ያቅርብለት።

አበው «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላሉ። እንግዳ የሚጠግበው አስቀድሞ በአስተናጋጁ ፊት ነው ማለታቸው ነው። ፊታችን ከፈካ ሰው በሁለት ጉርሻም ደስ ብሎት ይሄዳል። ፊታችን ከጠቆረ ግን ሙክት ብናርድም አይጠግብም። ስለዚህ በሚቀጥለው ማኅበር ላይ ጎረቤታችሁ «በቃኝ» ሲል እጃችሁን ከወጡ መልሱና ቡናውን አቅርቡለት፤ ጨዋታውንም ቀጥሉ።