የመራጩ ዝምታ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «ሕዝብ ለምን ከምርጫ ይርቃል?» የሚል ነው። ከኡራኤል አካባቢ የመጣን ተማሪዎች ስለ ሆንን፥ ነገሩን ከሰፈራችን ጀምረን እናየዋለን።

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ አነጋገር ከመንገዳችን እናንሣ። «ሕዝባችን ንቃት የለውም፤ ለምርጫም ግድ የለው» ይባላል። ይህን የሚሉትም አብዛኛውን ጊዜ የተማሩት ናቸው። ሐሰት ነው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሕዝብ ገና ሳይነጋ ተሰልፎ፥ ብዙ ሰዓት ቆሞ ድምፁን ሰጥቷል። እኛ ያኔ ጡት ያልጣልን ሕፃናት ነበርን፤ ወላጆቻችን ግን ያን ቀን ሲያነሡ እስከ ዛሬ ድምፃቸው ይለወጣል። ቅንጅት ከተማይቱ በተወካዮች ምክር ቤት ያላትን 23 መቀመጫዎች በሙሉ፥ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎችም 137ቱን አሸነፈ። ግድ የሌለው ሕዝብ እንዲህ አያደርግም።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ታውቃላችሁ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተነሣው ግጭት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አጣሪው ኮሚሽን መዝግቧል። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፤ ሕዝብ የመረጠው የከተማ ምክር ቤት ሥራውን ሳይጀምር ቀረ፤ በምትኩም ባለ አደራ አስተዳደር ተሾመ። በሚያዝያ 2000 ምርጫ ሲደረግ ተቃዋሚው ተከፋፍሎ ነበርና ኢሕአዴግ ከ138ቱ 137 መቀመጫ ወሰደ። ቁጥሩ ያው 137 ነው፤ ባለቤቱ ብቻ ተለወጠ። የአንድ ከተማ ልብ በሦስት ዓመት እንዲህ ይገለበጣል ብሎ የሚያምን ካለ እጁን ያንሣ።

«ታዲያ ምርጫ ቦርድ ከመራጩ ከ90 በመቶ በላይ ድምፅ ሰጠ ይል የለምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በ2013ቱ ምርጫ ከተመዘገቡት ከ37 ሚሊዮን የሚበልጡ መራጮች 90 በመቶ ያህሉ መምረጣቸው ተነግሯል። ነገር ግን ይህ ስሌት ካርድ ከወሰዱት ውስጥ ነው። ስሙን ያላስመዘገበው ሰው በሒሳቡ ውስጥ ከቶ የለም። በናይጄሪያ የመራጮች መዝገብ ቋሚ ስለ ሆነ፥ እ.ኤ.አ. በ2023 ከተመዘገቡት 27 በመቶ ያህል ብቻ ሲመርጡ የሕዝቡ ቅሬታ በምርጫው ዕለት ገሀድ ወጣ። በእኛ አገር ምዝገባው ለእያንዳንዱ ምርጫ እንደ አዲስ ይደረጋልና ቅሬታው የሚታየው ቀደም ብሎ በመዝጋቢው ጠረጴዛ ፊት ነው። በ2013 ጣቢያዎች በጊዜ ስላልተከፈቱና የተጠበቀውን ያህል ሰው ስላልመጣ የምዝገባው ቀን መራዘሙን እናስታውሳለን። ስለዚህ የሕዝብን ስሜት ማወቅ የሚሻ ሰው የድምፅ ቆጠራውን ትቶ፥ «ካርድ ወስደሃል ወይ?» ብሎ ጎረቤቱን ይጠይቅ።

የሚያገኘው መልስ የታወቀ ነው፤ «ምን ሊለወጥ?» ይባላል። ይህ መልስ ስንፍና ነው እንዳንል የሚከለክለን ነገር አለ። ተራው ሰው መንግሥትን የሚያገኘው በወረዳ ነው፤ መታወቂያ ሲያወጣ፥ ስለ ቀበሌ ቤት ሲከራከር፥ ውኃ ሲጠፋበት። ለወረዳ ምክር ቤት ግን ከሚያዝያ 2005 በኋላ፥ በ2013 እንኳ፥ ድምፅ አልተሰጠም። የከተማው ምክር ቤትም በ2010 መመረጥ ሲገባው ዘመኑ ተራዝሞለት እስከ 2013 ቆየ። እጅግ የሚቀርበውን ሹም የማይመርጥ ሰው የሩቁን እንደራሴ ለመምረጥ ለምን ይቸኩል? በዘውዱ ዘመንም ቢሆን፥ የምርጫው ሕግ እንደራሴ ሊሆን የሚሻውን ሰው ቢያንስ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት ይጠይቀው ነበር። ደሀው ይመርጣል፥ አይመረጥም።

አሁን ወደ ሰፈራችን። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጎረቤታችን ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ፈረሰ፤ ነዋሪውም ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛወረ። ልማቱ በጎ ነው ክፉ የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን። እኛን ያስጨነቀን የውክልናው ነገር ነው። እነዚያ ሰዎች በ2013 ድምፃቸውን የሰጡት ለካዛንቺስ ተወካይ ነበር። ቤታቸው ሲፈርስ ተወካያቸው ምን ተናገረ? ቢጠይቁን የምንመልሰው የለንም፤ ወደ ማን ሄደው እንደሚጠይቁ የሚያውቁም ጥቂት ናቸው። ሕጉ መራጭ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ እንዲሆን ያዛል፤ ስለዚህ ወደ ገላን ጉራ የሄደው ሰው የቀድሞ ተወካዩን በድምፁ የሚቀጣበትም የሚሸልምበትም መንገድ ቀርቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሣ እንደሚችል ይናገራል። ለተበተነ መራጭ ይህ መብት «ላም አለኝ በሰማይ» ነው።

ይህን ሁሉ ብለን ግን ቤት መቀመጥን እንደ ብልህነት የሚቆጥሩትን አንከተልም። በሕጋችን ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ይህን ያህል ሰው ካልመረጠ ወንበሩ ባዶ ይሁን የሚል ደንብ የለም። የቀረው ሰው ዝምታ ተቃውሞ ሆኖ አይመዘገብም፤ ያለውን ሹም ያጸናል እንጂ።

ስለዚህ ለማኅበሩ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። መዝገብ ሲከፈት ከኡራኤል እስከ ገላን ጉራ ያሉትን የቀድሞ ጎረቤቶቻችንን ቤት ለቤት እየዞርን፥ ካርድ ያልወሰዱትን ምክንያታቸውን እንጠይቅ፤ ስማቸውን ሳንጽፍ መልሳቸውን እንሰብስብ። እጩዎችንም ወደዚህ አዳራሽ ጠርተን፥ ከየትኛውም ፓርቲ ቢሆኑ፥ ስለ ወረዳ ምርጫና ስለ ተነሺዎች ምን እንደሚያደርጉ እንጠይቃቸው፤ የመለሱትን፥ አልመጣም ያሉትንም ጭምር፥ በዚህችው ጋዜጣ እናትም። ለሥራው ሃያ ሰው ይበቃናል። ፈቃደኞች ከስብሰባው በኋላ ለማኅበሩ ጸሐፊ ይንገሩ።