ከቆዳ ሥር እስከ ዛፍ ሥር
(በተመራቂዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሙያሽ የሆነ ነገር ተናገሪ» ሲሉኝ ስለ ደም ግፊት የማወራ ሳይመስላቸው አልቀረም። እኔ ግን ማይት ይዤላችሁ መጣሁ። ማይት የመዥገር የቅርብ ዘመድ ነው። እንደ እሱ ስምንት እግር አለው፤ ግን አብዛኛው ከአቧራ ቅንጣት አይበልጥም። ሺህ በሺህ ዓይነት አለው፤ እኛ ሐኪሞች በደንብ የምናውቀው ግን አንዱን፣ እከክ የሚያመጣውን ነው።

በ2008ቱ ድርቅ ጊዜ የሠራችሁ ታስታውሳላችሁ። በአማራ ክልል በ68 ወረዳዎች ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰው ታይቶ 379,000 ያህሉ እከክ ተገኝቶበታል። እኔም ሌሊቱን ሲያክኩ አድረው እንቅልፍ ያጡ ሕፃናትን ከእናቶቻቸው ጋር ስቀበል ከረምኩ። መድኃኒቱን እንሰጣለን፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያው ልጅ ተመልሶ ይመጣል። አንዷን እናት «ልብሱን በሙቅ ውሃ እጠቢለት» ብላት፣ «እቴ፣ የሚጠጣውስ መቼ ተገኘና!» አለችኝ። ምን እንደምመልስላት አላወቅሁም።

የእከክ ማይት ቤቱ የሰው ቆዳ ነው። ከሰው ከተለየ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አይቆይም። በዚያ ዓመት ማይቱ አዲስ ጉልበት አላገኘም፤ ውሃ ጠፍቶ፣ ሰው በአንድ መደብ ላይ ተፋፍጎ ሲያድር ቤቱ ሰፋለት እንጂ። ለጎንደር ልጆች ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ትምህርት ቤታችን በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተከፈተው በደምቢያ ሜዳ ወባ ሺዎችን ከፈጀ በኋላ ነው። ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒተሪያኑ አብረው የሠለጠኑት በሽታው የሚኖርበትን ቦታ ጭምር እንዲያዩ ነበር።

አሁን ወደ አገሬ ወደ ኩታበር ልውሰዳችሁ፤ ከደሴ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባለፈው ለዕረፍት ስሄድ ከእህቴ ልጅ ጋር አንድ ጨዋታ ጀመርን። ጣሊያናዊው አንቶኒዮ በርሌዜ እ.ኤ.አ. በ1905 ያወጣው ዘዴ ነው፤ ቀላል ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጣችሁ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ትገለብጡታላችሁ፣ ወንፊት ታደርጉበታላችሁ፣ አፈርና ብስባሽ ትሞሉታላችሁ፣ ከላይ አምፖል፣ ከታች አልኮል። አፈሩ ከላይ እየደረቀ ሲመጣ ነፍሳቱ እርጥበት ፍለጋ ወደ ታች ይሸሹና አልኮሉ ውስጥ ይወድቃሉ።

አፈሩን ከሦስት ቦታ አመጣን፦ ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድና ወይራ ሥር፣ ከአባዬ ባሕር ዛፍ ሥር፣ ከገብስ ማሳው። ይሄ ምርምር አይደለም፤ በሦስት ጠርሙስ ማንም ዲግሪ አያገኝም። ቢሆንም ልጁ በአጉሊ መነጽር የመጀመሪያውን ሲያይ «አክስቴ፣ ይሄ እኮ ከተማ ነው!» ብሎ ጮኸ። ክቡ አለ፣ ረጅሙ አለ፣ እንደ ጥንዚዛ የሚያብለጨልጭ ጥቁር አለ። ባሕር ዛፉም ባዶ አልነበረም፤ ዓይነቱ ግን ያው በያው ሆነብን። ማሳው ላይ ብዙ ጠብቀን ጥቂት አገኘን።

ምክንያቱን ሳነብ ገባኝ። ከአፈር ማይቶች ትልቁ ወገን ኦሪባቲድ ይባላል፤ እስካሁን ከ10,000 በላይ ዓይነት ተመዝግቦለታል። የወደቀ ቅጠልና ሻጋታ እየበላ ብስባሹን ለባክቴሪያ ያደቅቃል። ቶሎ አይራባም፤ ብዙዎቹ ለአቅመ መውለድ ለመድረስ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይፈጅባቸዋል። ማሳ ደግሞ በየወቅቱ ተደጋግሞ ይታረሳል፣ ገለባው ለከብት ይሄዳል፣ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ለማይቱ ጣሪያም ቀለብም አይተርፍለትም። ባሕር ዛፍ ሥርም ቢሆን ቅጠሉ እንጀራ ለመጋገር ተጠርጎ ይወሰዳል። የጠረግኩት እኔ ነኝ፤ በልጅነቴ።

ዛፍ ላይ የሚኖሩትም እንዲሁ ናቸው። ያረጀ ወይራ ቅርፊቱ የተሰነጣጠቀ፣ ሽበት የሚያበቅል ነው፤ በየስንጥቁ የራሱ ማይት ይኖራል። ነጭ ባሕር ዛፍ ግን ልጡን እየላጠ ይጥላል፤ ተከራይ በገባ ቁጥር ቤቱ እንደሚፈርስ ቁጠሩት። የቡና ቅጠልንም ገልብጣችሁ እዩ፤ ደም ሥሮቹ በሚገናኙበት ማዕዘን ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ። እዚያ የሚኖሩ ማይቶች ሻጋታና ጎጂ ዘመዶቻቸውን እየበሉ ለተክሉ ዘብ ይቆማሉ። ቅጠል ለዘበኛው ቤት ሠርቶ ሲሰጥ አስቡት!

ማይት በአፈር ውስጥ ቢበዛ ድርቁ አይመጣም ነበር አልልም፤ የዝናቡ ነገር ከኤልኒኖ ጋር ነው። ነገር ግን ብስባሽ ያለው አፈር ውሃ ይይዛል፤ የተራቆተ ተዳፋት ይለቀዋል፤ ውሃው ሲሄድ ምንጩ ይደርቃል። ያቺ እናት ያለችኝ ውሃ እዚህም ላይ አለበት።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ማኅበራችን ለዚህ በዓል ማስታወሻ ችግኝ ሊተክል መሆኑን ሰምቻለሁ፤ ከታሰቡት ውስጥም ባሕር ዛፍ አለበት፣ ቶሎ ስለሚያድግ። እኔ ባሕር ዛፍን የመስደብ አፍ የለኝም። ለስድስት ዓመት ትምህርቴ ትራንስፖርቱን፣ ብርድ ልብሱን፣ የመጀመሪያውን ስቴቶስኮፔን የከፈለው የአባዬ ባሕር ዛፍ ነው። ማገዶ ስለሰጠም ነው የቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሳይቆረጥ የቆየው። ግን እሱን ገበሬው ለራሱ ይተክለዋል፤ የኛን ገንዘብ አይጠብቅም። ገንዘባችን ገበሬው አቅም ለሚያጣለት ይሁን፦ ለጽድ፣ ለወይራ፣ ለብሳና፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ የቆየውን ደን ከከብት ለሚከልል የድንጋይ ካብ። በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ደናቸውን በካብ አጥረው ችግኝ ከሥር በራሱ ሲበቅል አይተዋል። የድንጋይ ካብ ፎቶው አያምርም፤ አውቃለሁ።

ይህንኑ ለአባዬ ነግሬው ነበር። ዝም ብሎ ሰማኝና ከምንጩ አጠገብ ያለውን የባሕር ዛፍ ረድፍ ቆርጦ ወይራ ተከለበት። ከጓሮ ያለውን ግን አልነካውም። ለምን ስለው፣ «የእህትሽ ልጅ ገና ዘጠነኛ ክፍል አይደለም እንዴ?» አለኝ።